አልዓዛርን የት አየሁት?

በቅርቡ ፍኖተ ሰላም ላይ፣ በወጣቶች ፕሮግራም፣ «ኢየሱስ» የተሰኘውን ፊልም አብረን ለማየት ተሰበሰብን። እኔ ልጅ ሳለሁ ቡሬ አጠገብ በአንድ ግቢ፣ ግድግዳ ላይ በተወጠረ ነጭ አቡጀዲ አይቼው ነበርና አስቀድሜ ለታናናሾቼ ተረክሁላቸው፦ «የቢታንያው አልዓዛር እንደ ተገነዘ ከመቃብር ሲወጣ ጠብቁ። ያኔ ያላለቀሰ ሰው አልነበረም!»

ጠበቅን። ፊልሙ አለቀ። አልዓዛር አልወጣም።

«ቆርጠውት ይሆናል» አልሁ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1979 ለእይታ የበቃው ይህ ፊልም የተሠራው የሉቃስን ወንጌል ተከትሎ ነው፤ የአልዓዛር መነሣት ደግሞ በዮሐንስ ወንጌል ብቻ የተጻፈ ነው። የቃና ሰርግም፣ ሰብአ ሰገልም በዚሁ ምክንያት የሉበትም። እኔ በልጅነቴ ያየሁት የኢያኢሮስ ልጅ ስትነሣ ነው። አልዓዛርን የጨመረበት ናፍቆቴ ነው።

ናፍቆት የጨመረው ይህን ብቻ አይደለም። አሁን ሳየው ፊልሙ ዝግ ያለ ነው፤ ተራኪው ዓይናችን ያየውን ደግሞ ይነግረናል፤ የአማርኛው ድምፅም አልፎ አልፎ ከተዋናዮቹ ከንፈር ጋር አይገጥምም። ብርታቱ ሌላ ነው። በእስራኤል ምድር ስለ ተቀረጸ አቧራውና ድንጋዩ እውነተኛ ነው፤ ብሪያን ዲከንም ጌታን ሲጫወት አይጮኽም። የዘኬዎስ ትዕይንት ዛሬም ልክ እንደማስታውሰው ነው። ምናልባት እኛም ልጆቹ አዋቂዎች ስለ ጋረዱን ዋንዛ ላይ ወጥተን ስላየነው ይሆናል።

ናፍቆት የቀነሰውም አለ። ጄኔሬተሩ ሁለቴ መጥፋቱን፣ ዝናቡን፣ እናቴ በጨለማ እንዴት እንደምንመለስ መጨነቋን ለማንም ተርኬ አላውቅም።

ታዲያ ምን ጉዳት አለው? እኔ ለዓመታት ወጣቶቹን «የዛሬ ልጆች ስልክ ላይ ተደፍታችሁ ቀራችሁ፤ መንፈሱ የነበረው ያኔ ነው» ስል ኖሬአለሁ። በዚያ ቀን አንዲት እኅት ጠየቀችኝ፦ «ወንድሜ፣ ያኔ ያለቀሳችሁት በፊልሙ ነው ወይስ ጥቂት ሆናችሁ ሳለ አንድ ላይ በመሰብሰባችሁ?»

መልስ አጣሁ። ጥቂቶች ነበርን፤ ከየገጠሩ በእግር የመጡም ነበሩ። የልባችንን ሙቀት ለፊልሙና ለዘመኑ ሰጥቼ፣ ብርዱን ለልጆቹ አሸክሜአቸው ነበር። መክብብ 7፥10 የቀደመው ዘመን ለምን ተሻለ ብሎ መጠየቅን ከጥበብ አይቆጥረውም።

ወገኖቼ፣ የቆየ ፊልም መውደድ ኃጢአት አይደለም። ግን ከመመስከራችን በፊት እንደገና እንየው፤ ቃሉንም እንግለጥ። እኛም በዚያ ምሽት ቴሌቪዥኑን አጥፍተን ዮሐንስ 11ን አነበብን። ያነበበችው ያቺው እኅት ናት። አልዓዛር ሲወጣ ክፍሉ ጸጥ አለ። ለካ መንፈሱ ቡሬ አልቀረም።