ድማሚቱና ጆጆ

ዝቋላ ለተወለደ ሰው ባሕር ወሬ ነበር። የምናውቀው ቆላውን፣ ፍየሉንና ተከዜን ነው። 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ ግን ውኃው ራሱ ወደ እኛ መጣ፤ ሸለቆው ሐይቅ ሆነ፣ ፍየል ጠባቂው አጎቴም መረብ ጣሉ። ከሥሩ ያለውን ግን ያየ የለም። የዣክ ኢቭ ኩስቶንና የሉዊ ማልን «ጸጥተኛው ዓለም» ሰቆጣ ላይ ከአጎቴ ጋር ያየሁት ይህን ይዤ ነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1956 በካን የወርቅ ዘንባባ ወስዷል። ይገባዋል። በመክፈቻው ጠላቂዎቹ ውኃ የማያጠፋው ችቦ ይዘው ወደ ጨለማው ይወርዳሉ፤ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን በ1943 የሠሩት መተንፈሻ ከላይ ከሚጎትት ቱቦ ነፃ አውጥቷቸዋል። አብሬ የወረድኩ መሰለኝ።

ከዚያ ድማሚቱ ይመጣል። ኮራሉ መሐል ያፈነዱታል፤ ምክንያታቸው ዓሣዎቹን መቁጠር ነው። ቆይቶ መርከባቸው የዓሣ ነባሪ ግልገል ትመታለች። ደሙን ተከትለው የመጡትን ሻርኮች መርከበኞቹ እየጎተቱ በመጥረቢያ ይፈልጣሉ። እንግዲህ ፍረዱ፦ ያቆሰለችው መርከቧ፣ የተቀጣው ሻርኩ!

«ዘመኑ ነው» ብለው የሚያልፉት አሉ። እኔ አላልፈውም፤ ካሜራው ዓሣውንም እርዱንም በአንድ ዓይነት ፍቅር ነው የሚያየው። የፊልሙ ጉድለት ይኸው ነው፤ ባለመደበቁ ደግሞ ትልቁ ጥቅሙ።

ከሁሉም ልቤ ውስጥ የቀረው ጆጆ ነው። ለዓሣዎች ምግብ ሲታደል እየተሻማ ያስቸገረ ግዙፍ ዓሣ ነውና በብረት ፍርግርግ ውስጥ ይዘጉበታል፤ በኋላ ይፈቱታል። ሳቅኩ። ሳቄ ሳያልቅ ግን አንድ ነገር ገባኝ፦ እንግዳው ባለቤቱን በገዛ ቤቱ አሰረው።

ኩስቶ በ1963 ከባሕር ሥር ቤት ከሠራበት የሱዳን ቀይ ባሕር ብዙ ሳይርቅ ዛሬ ሳንጋነብ የተባለ ጥብቅ የባሕር ፓርክ አለ፤ ዩኔስኮ በ2016 መዝግቦታል። ጥብቅ ማለት ትርጉሙ እዚህ ፊልም ውስጥ ተገልብጦ ይታያል፦ ግባ፣ እይ፣ ግን እጅህን ሰብስብ።

አጎቴ ስለ ሻርኮቹ ምንም አላሉም። ድማሚቱ ፈንድቶ ትንንሾቹ ዓሣዎች ሲንሳፈፉ ግን ከመቀመጫቸው ተነሡ፦

«ተዉ እንጂ! ዘር ይበላል እንዴ?»

ከዚህ የተሻለ ሂስ አላነበብኩም።