ከዳር የታየ ሐይቅ

ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በአማርኛ የተጻፉትን የጉዞ ድርሰቶችና ግጥሞች ደጋግሞ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። ሐይቁ ሁልጊዜ መስተዋት ነው፤ ጀንበር ሁልጊዜ ትጠልቅበታለች፤ ወፎቹም ሁልጊዜ ነጫጭ ናቸው። ደራሲው ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆና በመቂ በኩል ወደ ሐዋሳ ሲወርድ መኪናውን ባቱ ላይ ገታ ያደርጋል፤ ዓሣውን ይበላል፤ ውሃውን ለጥቂት ጊዜ ይመለከትና ብዕሩን ያነሣል። እኛ ይህን ዓይነቱን ጽሑፍ የምንነቅፈው ውበት ስለሌለው አይደለም፤ ውበትስ አለው። የምንነቅፈው ሐይቁን ሳያውቅ ስለ ሐይቁ ስለሚናገር ነው።

ይህን ወቀሳ እንድንሰነዝር ያነሣሣን የሩቅ አገር መጽሐፍ ነው። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ዊልያም ፊኔገን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ያሳተመው፣ በማግሥቱም ዓመት የፑሊትዘርን ሽልማት ያገኘው «ባርቤሪያን ዴይስ» የተባለው የሕይወት ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ስለ ሰርፊንግ የሚናገር ነው። ሰርፊንግ ማለት ሰው በሳንቃ ላይ ቆሞ በሚሰበር ማዕበል ፊት የሚንሸራተትበት ጨዋታ ነው። ለደጋ ሰው የሥራ ፈት ጨዋታ ሊመስለው ይችላል፤ ለእኛም መስሎን ነበር የጀመርነው።

ዳሩ ግን ደራሲው የተጫወተባቸውን ውሃዎች እንዴት አድርጎ እንደሚያውቃቸው ለተመለከተ ነገሩ ሌላ ነው። በሐዋይ፣ በማዊ ደሴት፣ ሆኖሉዋ የሚባል የባሕር ወሽመጥ አለ። ከሰሜን የሚመጣው ማዕበል ወደ ባሕር የወጣውን የመሬት ጫፍ ሲያገኝ፣ በጥልቁ በኩል ያለው ክፍል ሲገሠግሥ በጥልቀት የለሹ በኩል ያለው ይዘገያል፤ ስለዚህም ማዕበሉ ይታጠፍና ከጫፉ ጀምሮ እንደሚጠቀለል ምንጣፍ በተራ እየተሰበረ ወደ ወሽመጡ ይገባል። ሳንቃ ጋላቢው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ይህ የሚሆነው በሰሜን ፓሲፊክ ክረምት፣ ማዕበሉም ሞሎካይ የተባለችው ደሴት በማትጋርደው አቅጣጫ ሲመጣ ብቻ ነው፤ በበጋ ያው ወሽመጥ ጸጥ ብሎ ይተኛል። ፊኔገን በ1971 በዚያ ሲኖር ይህን ሁሉ በገላው ተማረው፤ ብዕሩም ከገላው ተማረ። በመጽሐፉ ውስጥ «ባሕሩ አምሮ ነበር» ተብሎ የሚታለፍ ማዕበል የለም፤ ከየት እንደ መጣ፣ ምን ነፋስ እንዳቀናው፣ የትኛው ዐለት ላይ እንደ ተሰበረ ይነገረናል።

ከእርሱ በፊት በ1907 ጃክ ለንደን ወደ ዋይኪኪ ሄዶ ይህንኑ ጨዋታ ሞክሯል፤ ስለዚያም የጻፈው ምዕራፍ ግሩም ነው። ማዕበል ሲጓዝ ውሃው እንደማይጓዝ፣ የሚጓዘው ኃይሉ ብቻ እንደ ሆነ ለተራው አንባቢ ጥርት አድርጎ ያስረዳል። ነገር ግን ፀሐይ ቆዳውን ጠብሳው አልጋ ላይ ዋለ፤ ምዕራፉም የእንግዳ ምዕራፍ ሆኖ ቀረ።

ፊኔገንንም ቢሆን ያለ ነቀፋ አናልፈውም። በ1978 ፊጂ ውስጥ ታቫሩዋ ወደምትባል ባዶ ደሴት በታንኳ ያደረሱት የአገሩ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። እርሱና ጓደኛው የቦታውን ስም ለማንም ላለመንገር ተስማሙ፤ ኋላ ግን በደሴቲቱ ላይ የባዕዳን እንግዶች ማረፊያ ተሠራ። በመጽሐፉ ማዕበሉ ብዙ ገጽ ሲያገኝ፣ ያንን ውሃ ከአያት ከቅድመ አያት ሲያውቁት የኖሩት ሰዎች ግን ያገኙት ቦታ ጥቂት ነው። የሚያውቀው ሰው ጻፈ፤ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቁት አልተጠየቁም።

በእኛ ዘንድ ደግሞ የሚያውቁት አልጻፉም፤ የጻፉትም አላወቁም። ዝዋይን፣ በሌላ ስሙ ደምበልን፣ እንውሰድ። ሐይቁ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ሲኖረው አማካይ ጥልቀቱ ከ2 ሜትር ተኩል ብዙም አይበልጥም፤ ከአንድ ከፍ ካለ ቤት ጣሪያ ያነሰ መሆኑ ነው። መስተዋት የሚመስለው በማለዳ ነው። ፀሐይ በረታች ጊዜ የብሱ ከውሃው ይልቅ ፈጥኖ ይግላል፤ የጋለው አየር ሽቅብ ሲወጣ ነፋስ ይነሣል፤ ከሰዓት በኋላም ይበረታል። ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ ማዕበሉ እንደ ውቅያኖስ ማዕበል ረጅምና ዝግ ያለ አይሆንም፤ አጭር፣ ቀጥ ያለና የተጣደፈ ይሆናል። ነፋሱ እስከ ወለሉ እየደረሰ ደለሉን ስለሚያምሰው የውሃው መልክ ይደፈርሳል። ያ መስተዋት የት አለ?

ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁት በቱሉ ጉዶ፣ በጸደቻ፣ በፉንዱሮና በሌሎቹ ደሴቶች የኖሩት ዛዮች ናቸው። ከሐይቁ ዳር ከሚበቅል ተክል ባሰሩት ታንኳ ወደ ባቱና ወደ መቂ ገበያ ሲመላለሱ፣ ቆሮሶ ሲያጠምዱ፣ ከጉማሬ ሲጠነቀቁ ዘመናት አሳልፈዋል። ቋንቋቸው የስልጢኛና የሐረሪ ዘመድ ነው፤ ተናጋሪዎቹ ጥቂት ሺዎች ሲሆኑ ወጣቶቹ ወደ ዳር ከተሞች እየወጡ ነው። ስለ ቱሉ ጉዶ የሚጻፈው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታቦተ ጽዮን በዮዲት ጉዲት ዘመን በዚያ ተሸሽጋ ነበር የሚለው ትውፊት። ትውፊቱ የተከበረ ነው፤ ይጻፍ። ነገር ግን ታቦቷን አሻገረ የሚባለው ቀዛፊ በስንት ሰዓት እንደ ተነሣ፣ ነፋሱን በየት በኩል እንደ ሰጠ የጠየቀ ድርሰት እስካሁን አላነበብንም።

«ግጥም የጂኦግራፊ ትምህርት አይደለም» የሚሉን ይኖራሉ። እኛም አላልንም። አንድ ልብ ወለድ ደራሲ ሙሽራይቱን በስምንት ሰዓት ከባቱ ዳር አሳፍሮ ወደ ቱሉ ጉዶ ቢልካት፣ አሁን ባለው ልማድ የምናነበው የቀሚሷን ንጣትና የውሃውን ፀጥታ ነው። ሐይቁን የሚያውቅ ደራሲ ግን ያንኑ ሰዓት ብቻ ጽፎ ልባችንን ያንጠለጥለዋል፤ ሽማግሌው ቀዛፊ ሰማዩን አይቶ ዝም ሲል፣ ሚዜው ሲቸኩል፣ ታንኳይቱ ለመመለስም ለመድረስም ከሚያስቸግርበት ስፍራ ስትደርስ፣ ፍርሃቱ ያለ አንድ ቅጽል ይመጣል።

የአዳማ ነፋስም እንዲሁ ነው። በበጋ ወራት አዘውትሮ ከምሥራቅ፣ በክረምት ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ እንደሚነፍስ መሐንዲሶች ለክተው አውቀውታል፤ በ2004 ዓ.ም. 51፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ የነፋስ ጣቢያዎችን የተከሉት በዚሁ ዕውቀት ነው። በድርሰቶቻችን ግን የአዳማ ነፋስ አሁንም አቧራ ከማንሣት በቀር ሥራ የለውም።

የባቱና የአዳማ መምህራን ተማሪዎቻቸውን «ስለ ሐይቁ ድርሰት ጻፉ» ሲሉ ከወረቀቱ በፊት ወደ አንድ ታንኳ ቀዛፊ ዘንድ ቢልኳቸው ደስ ይለናል። በመንገድ የሚያልፈው ደራሲ ደግሞ ይህ ካልተመቸው፣ ቢያንስ ሐይቁን መስተዋት ብሎ ሲጽፍ ሰዓቱን አብሮ ይጻፍልን።