ያልተጻፈው አል-ጣኢፍ

ስለ ካርቱም ሐበሾች የሚጻፈው ነገር አብዛኛው ከዴም ይጀምርና እዚያው ዴም ያበቃል። እንጀራውና ዝግኒው፣ የጀበናው ጢስ፣ ከምግብ ቤቱ እስከ ጎዳናው የሚሰማው ዘፈን ለጋዜጠኛም ለደራሲም የተመቹ ናቸው፤ ሰፈሩ እንግዳው ገና ሳይቀመጥ ራሱን ይተርክለታል። ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተምሥራቅ፣ በሪያድ ሰፈር አጠገብ የሚገኘው አል-ጣኢፍ ግን እንዲህ ያለ መስተንግዶ አያውቅም። አጥሩ ረጅም፣ በሩ ብረት፣ መንገዱ በቀትር ጭር ያለ ነበር። ሐበሻ ጠፍቶበት አይደለም። ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች በርካታ ነበሩበት፤ ነገር ግን የሚገኙት ከአጥሩ በስተውስጥ ነው፤ ብዕሩ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ቀረ።

ስሙ ራሱ የሚያነጋግር ነው። ጣኢፍ በሒጃዝ ተራሮች ላይ የተቆረቆረች፣ በጽጌረዳዋና በቀዝቃዛ አየሯ የታወቀች የሳዑዲ ዐረቢያ ከተማ ናት። በእስልምና ታሪክ ግን ሌላ ትዝታ አላት፤ ነቢዩ መሐመድ በ619 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደዚያ በሄዱ ጊዜ ሕዝቡ በድንጋይ አባረራቸው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ615 ገደማ፣ ተከታዮቻቸው በሐበሻው ንጉሥ ዘንድ መጠለያ አግኝተው ነበር። እንግዳን ያስጠጋችው አገር ልጆች እንግዳን ባባረረችው ከተማ ስም በተጠራ ሰፈር እንግዳ ሆነው መኖራቸውን እስካሁን ጭብጥ ያደረገ ደራሲ አለመነሣቱ ያስገርማል።

ሰፈርን ማሰስ በሌላው ዓለም ሥነ ጽሑፍ የታወቀ ዘርፍ ነው። አሜሪካዊው ዶናልድ ሪቺ አብዛኛውን ዕድሜውን በቶኪዮ በባዕድነት ኖሮ ከተማዋን በእግሩ እየዞረ ጽፏታል። የቶኪዮ አብዛኞቹ መንገዶች ስም የላቸውም፤ አድራሻው የሚነገረው በቀጠና ቁጥር ነው። አል-ጣኢፍም «ሙረባዕ» በሚባሉ ባለቁጥር ክፍሎች የተከፋፈለ ነውና በዚህ ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ ከተመልካቹ ላይ ነው። ሪቺ ያለ ጉዳይ መዞር ይችል ነበር፤ የአል-ጣኢፏ ሠራተኛ ግን ያለ ጉዳይ አትወጣም። ሰፈሩን የምታውቀው በመልእክት ነው፦ በማለዳ እስከ ፉርኑ ለዳቦ፣ ከዚያ እስከ ዱካኑ፣ በዕረፍት ቀኗ እስከ አውቶቡሱ። ኢቃማዋ ያልታደሰ እንደሆነ ደግሞ ካርታዋ ይለወጣል፤ ከሻ፣ ማለትም የፖሊስ አፈሳ፣ የሚያዘወትረውን መንገድ ትሸሻለች። ይህም አሰሳ ነው፤ እንዲያውም ከደላው መንገደኛ አሰሳ ይልቅ ዓይኑ የሠላ ነው።

የሱዳን ደራስያን ሐበሻዋን አላዩዋትም ማለት ስሕተት ይሆናል። በ2009 የጠይብ ሳሊሕን ሽልማት ያገኘውና በአገሩ የታገደው የአብዱልዓዚዝ በረካ ሳኪን «አል-ጃንጎ» የተሰኘ ልብ ወለድ ወቅት ጠብቀው ሰሊጥ ስለሚያጭዱ ሠራተኞች ይተርካል፤ መቼቱም ሱዳን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሚዋሰንበት አካባቢ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ጉልህ ቦታ ያላት ሐበሻዊት አለም ጊሺ ትባላለች። እዚህ ላይ ዐረብኛና አማርኛን አጣምሮ ለሚያነብ ሰው አንድ የሚያስቆም ነገር አለ። ደራሲው ስሟን የጻፈው ያለ ዐይን ፊደል ነው፤ በአማርኛ «ዓለም» የሆነው በዐረብኛው ገጽ «ሕመም» ተብሎ ይነበባል። ታስቦበት ይሁን በአጋጣሚ፣ ዐረቡ አንባቢ ስሟን በጠራ ቁጥር ሕመሟን ይጠራል። መጽሐፉ ወደ አማርኛ ቢመለስ ይህ ሁሉ በአንዲት ፊደል ይጠፋል። ሆኖም ለዚህች ሴት የተሰጣት ስፍራ ድንበሩ፣ መጠጡና ፍቅሩ ነው። ሕያው ገጸ ባሕርይ መሆኗ አይካድም፤ ግን ከዚያ ስፍራ አትወጣም።

ወደ ካርቱም ግቢዎች ውስጥ የገባው ፊልም ነው። የመሐመድ ኮርዶፋኒ «ደኅና ሁኚ ጁሊያ» በ2023 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ ለመግባት የመጀመሪያው የሱዳን ፊልም ሆነ። የሰሜኗ ሞና ለባሏ ሞት ምክንያት የሆነችባትን የደቡቧን ጁሊያ ጥፋቷን ደብቃ በሠራተኝነት ታስገባታለች፤ በሁለቱ ሴቶች መካከል ያለው ውሸት የአገሪቱ መከፈል ምሳሌ ይሆናል። ፊልሙ ጠንካራ ነው፤ ያሳየውም በእመቤትና በሠራተኛ መካከል ያለ አንድ ቤት ለትልቅ ታሪክ እንደሚበቃ ነው። ጁሊያ ግን በሕግ የዚያው አገር ዜጋ ነበረች፤ በ2011 ድምፅ ሰጥታ የምትለየው አገርም ነበራት። ሐበሻዋ በዚያ ቤት ያላት ጥያቄ ሌላ ነው፤ እርሱን ማንም አልጠየቀም።

ጥፋቱን ሁሉ በሱዳናውያን ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የእኛው የስደት ትረካ ካርቱምን ብዙውን ጊዜ እንደ መናኸሪያ ያያል፤ ከመተማ ተነሥቶ ወደ ሊቢያ፣ ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደ አሜሪካ የሚያልፉበት። ዐሥርና ሃያ ዓመት የኖረበት፣ ልጅ ያሳደገበት ሰው በዚህ ትረካ ውስጥ «መንገድ ላይ» እንደሆነ ይቆያል። ከተማዋን ባዕድ የሚያደርጋት አንዳንዴ የራሳችን ብዕር ነው። ካርቱም ሸክላ ጡቧን የምታቃጥለው ከአል-ጣኢፍ ብዙም ሳይርቅ፣ በጀሪፍ ዳርቻ ጥቁር ዓባይ ካወረደው ደለል መሆኑን ያስተዋለ ደራሲ ይህን ባዕድነት እንደዚህ በቀላሉ ባልተቀበለው ነበር።

በ15 ኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ ብዙዎቹ በመጡበት በመተማ በኩል ተመለሱ። የሱዳን ጦር በማርች 2025 ከተማዋን መልሶ ሲይዝ የጠበቁት ቤቶች የተዘረፉና የተቃጠሉ ነበሩ። ከአጥሩ በስተውስጥ የነበረው አል-ጣኢፍ ዛሬ በዋነኛነት የሚገኘው በጎንደር፣ በአዲስ አበባ፣ በካይሮ በተበተኑ ሰዎች አፍ ነው፤ እርሱም በየዓመቱ ይሳሳል። የሚጽፈው ቢገኝ ቋንቋውን ለማጥራት መቸኮል የለበትም። ፉርን «ዳቦ ቤት»፣ ሙረባዕ «ቀጠና»፣ ከሻ «አፈሳ» ተብለው በአማርኛ ቢታረሙ ሰፈሩ ዳግመኛ ከአጥር ውጭ ይቀራል። ቃላቱ እንዳሉ ይግቡ፤ ከካርቱም ያልኖረ አንባቢ ጥቂት ቢቸገር ግድ የለም።