መኪና ይዞ የሄደው፣ ባዶ እጁን የተመለሰው፦ «ላሜሪካ» በተሰኘው ፊልም ላይ የቀረበ ሂስ

በሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያ የሚገኙትን አገሮች ከሚያገናኙት ነገሮች አንዱ መንገደኛንና ተሽከርካሪን አጣምሮ የሚያሻግረው መርከብ፣ በተለምዶ አጠራሩ ፌሪ ነው። ከማርሴይ ወደ አልጀርስ፣ ከጄኖቫ ወደ ቱኒስ፣ ከባሪ ወደ ዱረስ የሚመላለሰው ይህ መርከብ የራሱ ሥርዓት አለው። በሩ እንደ ድልድይ በወደቡ ላይ ይዘረጋል፤ የጭነት መኪናውም የቤት መኪናውም ተራውን እየጠበቀ ወደ መርከቡ ሆድ ይገባል፤ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ መኪናውን ከታች ትቶ በጠባቡ ደረጃ ወደ ላይኛው ደርብ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ባለመኪናውም እግረኛውም በአንድ ነፋስ የሚመቱ፣ አንድ አድማስ የሚያዩ መንገደኞች ናቸው። ለዚህ አብሮነት ግን አስቀድሞ የሚጠየቅ ነገር አለ፤ ቲኬት፣ ፓስፖርትና በመዝገብ የሰፈረ ስም።

ይህን ሥርዓት መሠረት አድርገው ስለ ሰው ልጅ ክብር ከተናገሩት የኪነ ጥበብ ሥራዎች መካከል የጣልያናዊው አዘጋጅ የጂያኒ አሜሊዮ «ላሜሪካ» ከግንባር ቀደሞቹ ይመደባል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1994 የቀረበ ሲሆን (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዚያው ዓመት በቬኒስ ፌስቲቫል አዘጋጁን ለሽልማት አብቅቷል፤ የአውሮፓ ምርጥ ፊልም ተብሎም ተመርጧል። ርእሱ ሆን ተብሎ በስሕተት የተጻፈ ነው፤ ፊደል በቅጡ ያልቆጠረ የጣልያን ስደተኛ «አሜሪካ»ን እንደሚጽፈው ነው። የአሜሊዮ አያትም አባትም ወደ አርጀንቲና የተሰደዱ በመሆናቸው አዘጋጁ ርእሱን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤቱ እንዳገኘው መናገር ይቻላል።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ1991፣ የአልባንያ ሥርዓት በሚፈራርስበት ወቅት ነው። ፊዮሬና ጂኖ የተባሉ ሁለት ጣልያናውያን መኪናቸውን ይዘው ዱረስ ወደብ ይደርሳሉ። ለይስሙላ የጫማ ፋብሪካ አቋቁመው ገንዘብ ለመዝረፍ ስላሰቡ ለስሙ ሊቀ መንበር የሚሆን አንድ የአገሬው ተወላጅ ይፈልጋሉ፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በእስር የማቀቀ ስፒሮ የተባለ ሽማግሌም ያገኛሉ። ሽማግሌው ግን አልባናዊ አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ ከፋሺስቱ ሠራዊት የከዳ፣ ስሙን ለውጦ የተደበቀ፣ ሚኬሌ የተባለ የሲሲሊ ገበሬ ነው። ሽማግሌው ሲጠፋ ጂኖ ሊፈልገው ይወጣል፤ በመንገድ የመኪናው ጎማ ይሰረቃል፤ ቀጥሎ ገንዘቡ፣ በመጨረሻም ፓስፖርቱ ከእጁ ይወጣል። ባለመኪና ሆኖ የሄደው ሰው ሕዝብ በተጨናነቀበት «ፓርቲዛኒ» በተባለ መርከብ፣ አንዲት ወረቀት ሳይኖረው፣ ከስደተኞች እንደ አንዱ ሆኖ ይመለሳል። ሽማግሌውም እዚያው መርከብ ላይ ነው፤ የሚሄደው ወደ አሜሪካ እየመሰለው፣ ኒውዮርክን ነቅቶ ለማየት እንቅልፉን ይታገላል።

የፊልሙ ዐቢይ ብልኀት እዚህ ላይ ነው። ባሕሩ ያው ባሕር ነው፤ ሰውየውም ያው ሰው ነው። የተለወጠው ሰውየው የያዘው ነገር ብቻ ነው። አሜሊዮ ይህን በንግግር አላስረዳም፤ ከጂኖ ላይ ንብረቱን አንድ በአንድ እየገፈፈ ያሳያል እንጂ። ተመልካቹም የመንገደኛና የስደተኛ ልዩነት በተፈጥሮ ያልተሰጠ፣ በወረቀት የተበጀ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ይረዳል።

ፍጻሜው ከአየር ላይ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 ቀን 1991 «ቭሎራ» የተባለው የጭነት መርከብ 20,000 ያህል አልባናውያንን ጭኖ ባሪ ደርሷል። መርከቡ ከኩባ ስኳር አምጥቶ በዱረስ ሲያራግፍ ነበር ሕዝብ የወጣበት። የጣልያን ባለሥልጣኖች አብዛኛውን ሰው በአንድ ስታዲዮም አግተው፣ በቀናት ውስጥ በአውሮፕላንና በፌሪ መለሱት። ሲመጡ በጭነት መርከብ ላይ የተንጠለጠሉት ሰዎች ቲኬት በሚቆረጥበት መርከብ የተሳፈሩት ሲባረሩ ነው። ዳንኤሌ ቪካሪ በ2012 ይህንኑ ታሪክ «ጣፋጩ መርከብ» በተሰኘ ዘጋቢ ፊልም አቅርቦታል።

«ላሜሪካ» የሚከፈተው ፋሺስት ጣልያን በ1939 አልባንያን ስትወር በተነሣ የዜና ፊልም ነው። ወራሪው «ሥልጣኔ ላመጣላችሁ ነው» ሲል ይሰማል፤ ከ52 ዓመት በኋላ የመጣው ፊዮሬ ደግሞ «ፋብሪካ ላመጣላችሁ ነው» ባይ ነው። ኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህን ዜማ ያውቀዋል፤ የዚያው መንግሥት ጦር በ1935 በዚሁ ባሕርና በስዊዝ ቦይ አልፎ መጥቶበታልና።

ይሁን እንጂ ፊልሙ እንከን የለሽ አይደለም። በመርከቡ ላይ ካሜራው የስደተኞቹን ፊት እየተራ ያሳያል፤ እነርሱም ተመልካቹን ትክ ብለው ያዩታል። ትዕይንቱ ልብ ይነካል። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች እነማን ናቸው? ከመካከላቸው ስሙ የሚታወቅ፣ ታሪኩ የሚነገር እምብዛም ነው። ሁለት ስም የተሰጠው፣ የጠፋው ስሙም የተመለሰለት ጣልያናዊው ሽማግሌ ነው። ተለውጦ የሚወጣው ገጸ ባሕርይም ጣልያናዊው ጂኖ ነው፤ አልባናውያኑ የእርሱ መማሪያ ሆነው ቀርተዋል። ስለ ብዙኃኑ ሊናገር የተነሣ ሥራ ብዙኃኑን በጅምላ ካየ ግቡን በከፊል ስቷል።

የዚህ ጉድለት ክብደት ፌሪው ከሚተዳደርበት ሕግ ጋር ሲነጻጸር ይገለጣል። የአውሮፓ ኅብረት በ1998 ያወጣው መመሪያ ከ20 የባሕር ማይል በላይ በሚጓዝ የመንገደኛ መርከብ የሚሳፈር ሰው ሁሉ በስሙ እንዲመዘገብ ያዛል፤ አደጋ ቢደርስ ማን እንደጠፋ እንዲታወቅ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2013 በላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ አንዲት የስደተኞች ጀልባ ሰጥማ 368 ሰዎች ሲሞቱ ግን የሚገለጥ መዝገብ አልነበረም። አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ።

ያንን መዝገብ የከፈተው ኪነ ጥበብ ነው። በ2006 ከሊቢያ በጀልባ ተሻግሮ ላምፔዱዛ የደረሰው ኢትዮጵያዊው የፊልም አዘጋጅ ዳግማዊ ይመር በ2015 «አስማት» የተሰኘ አጭር ፊልም አቀረበ። ቃሉ በግእዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው። ፊልሙ የሟቾቹን ስም እየዘረዘረ ይጠራል። የተጠላለፈ ሴራ የለውም፤ ዝርዝሩ ይረዝማል፤ ትዕግሥት ያጣ ተመልካችም ሊሰለች ይችላል። ነገር ግን ርዝመቱ የአዘጋጁ ድክመት አይደለም፤ የሟቾቹ ብዛት ነው። ያለ ስም ለመጣ መንገደኛ ስሙን መመለስ፣ አሜሊዮ ፊቱን ብቻ አሳይቶ ያቆመውን ሥራ መቀጠል ነው።

«ላሜሪካ» በአወቃቀሩ ጥብቀት፣ ሙያተኛ ተዋናይ ያልነበረው ካርሜሎ ዲ ማትሳሬሊ ለሽማግሌው በሰጠው ሕይወት፣ ታሪክን ከዕለቱ ጉዳይ ጋር በማስተሳሰሩ ትልቅ ሥራ ነው። ብቻውን ሲታይ ግን ግማሽ ነው። በትምህርት ቤቶችና በኪነት ክበባት ፊልሙን ለማሳየት የሚያስብ ሰው «አስማት»ን አስከትሎ ቢያሳይ መልካም ነው፤ ውይይቱም «ጂኖ ምን ተማረ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «በመርከቡ ላይ የነበሩት እነማን ናቸው?» ከሚለው ቢጀመር ተመልካቹ የበለጠ ይጠቀማል።