ርካሹ ስካነር ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ምን ይፈይዳል?

የሰውን አካል በሦስት አውታር ቀርጾ የሚያስቀምጥ መሣሪያ ቀደም ሲል በታላላቅ ተቋማት ብቻ የሚገኝ ውድ ዕቃ ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2010 ለጨዋታ ያወጣው ኪኔክት ዋጋውን ሰበረው፤ የእርሱ ምርት በ2017 ቢቆምም፣ ከ2020 ወዲህ ርቀት የሚለካ ሌዘር በአንዳንድ የእጅ ስልኮች ላይ ሳይቀር ተገጥሟል። ከዚህ በመነሣት የጤና ጣቢያ ነርስ የታካሚውን ቀሪ እግር በስልክ ቃኝቶ ቢልክ ሰው ሠራሽ እግር ለገጠሩ ይዳረሳል የሚል አስተሳሰብ ይደመጣል። አስተሳሰቡ በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ሲመዘን ግን ይጎድላል።

ስካነር የሚያየው ቆዳን ብቻ ነው። ከጉልበት በታች ለተቆረጠ እግር ሶኬት የሚሠራ ባለሙያ ግን ጄሶውን ሲጠመጥም በጣቱ ይዳስሳል። ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት ክብደት ስለሚችል ይጫነዋል፤ የቀጭኑ ቅልጥም ራስና የተቆረጠው አጥንት ጫፍ ስለማይችሉ ቦታ ይተውላቸዋል። ማስተካከያውን በኮምፒውተር መሥራት ይቻላል፤ የሚሠራው ግን ያው የሠለጠነ ሰው ነው። ኒያ ቴክኖሎጂስ የተባለው የካናዳ ድርጅት በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያና በካምቦዲያ ሲሞክርም መሣሪያውን የሰጠው ለሙያው ባለቤቶች ነበር። በመሆኑም ስካነሩ ጄሶን እንጂ ባለሙያን አይተካም፤ ጄሶ ደግሞ መቼም ውድ ሆኖ አያውቅም።

ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የተሐድሶ ማዕከል ለሚሄድ ገበሬ ውዱ ነገር መንገዱ፣ ማደሪያውና አብሮት የሚሄደው ዘመድ የሚያጣው የሥራ ቀን ነው። እግሩ ከተገጠመ በኋላም ሚዛኑ ይስተካከላል፣ አረማመድ ይለማመዳል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት ወራት ቀሪው እግር እየከሳ ስለሚሄድ ሶኬቱ ይሰፋዋል፣ ቆዳውም ይቆስላል። በበሽሎ ቁልቁለት ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙዎች እግሩን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ወደ ምርኩዛቸው የሚመለሱት በዚህ ምክንያት ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ሆስፒታሉ በጦርነት ለተዘረፈበት ለነፋስ መውጫ ከስካነር በፊት የሚያስፈልገው ቁስል የሚያይና ማሰሪያ የሚያጠብቅ ሠራተኛ ነው።

ያም ሆኖ መሣሪያው ፋይዳ ቢስ ነው ማለት አይደለም። ጄሶ ይሰበራል፣ ፋይል ግን ይቀመጣል። የመጀመሪያው ሶኬት በባለሙያ እጅ ተሠርቶ ቅርጹ ከተመዘገበ፣ ከወራት በኋላ ደብረ ታቦር ላይ በስልክ የተወሰደ ምስል ከእርሱ ጋር ተነጻጽሮ እግሩ ምን ያህል እንደቀነሰ ሊታወቅ ይችላል። ታካሚው ካልሲ ጨምሮ ይቆይ ወይስ ለአዲስ ሶኬት ባሕር ዳር ይሂድ የሚለው ከመሳፈሩ በፊት ይወሰናል። በማደግ ላይ ላለ ሕፃን፣ ሶኬቱ ቶሎ ቶሎ ስለሚጠበው፣ ጥቅሙ የበለጠ ይሆናል።