«መርመር»፤ ያለ ልኩ ስለ ተመሰገነ ቃል

ድምፅን በድምፅ ያስመስላሉ ከሚባሉት የእንግሊዝኛ ቃላት መካከል፣ «መርመር» የተባለውን ያህል እጅግ ተመስግኖ እጅግ ጥቂት የተመረመረ አይገኝም። ሥነ ግጥምን የሚያስተምሩ መምህራን ስለ ቃላት ዜማ ለደቀ መዛሙርታቸው ማስረዳት በፈለጉ ጊዜ፣ አልፍሬድ ቴኒሰን እ.ኤ.አ. በ1847 ካሳተመው «ዘ ፕሪንሰስ» ከተባለው ረጅም ድርሰት የእረኛውን መዝሙር አውጥተው፣ በመጨረሻው ስንኝ ላይ ይህ ቃል ቁጥር ስፍር የሌላቸውን ንቦች ድምፅ እንደምን አድርጎ እንደሚያሰማ ያሳያሉ፤ የ«ም» እና የ«ር» መመላለስ የቀፎው ድምፅ ራሱ ነው ብለውም ይፈርዳሉ። ይህን ፍርድ እኔ አልቀበለውም።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን ነው። በላቲን ይህ «ሙር» የሚለው ድምፅ ሁለት ጊዜ ተደግሞ የሚነገርበት ስም፣ ከቀስታ ሹክሹክታ ጀምሮ እስከ ባሕር ሁከትና እስከ ሰማይ ነጎድጓድ ድረስ ያለውን ሁሉ ይጠራበት ነበር፤ ቨርጂልም በ«ኤኔይድ» አንደኛ መጽሐፍ በማዕበል የታወከውን ባሕር፣ በአራተኛው ደግሞ ዝናም ያዘለውን ሰማይ ያሰማን በዚሁ ቃል ነው። እንግዲህ እነዚያው ሁለት ፊደላት ንቡንም ነጎድጓዱንም የሚመስሉ ከሆነ፣ ምስያው አስቀድሞ በአንባቢው ልቡና ያደረ እንጂ በፊደላቱ ውስጥ የተሰወረ አይደለም።

ይህን የመሰለ ጥርጣሬ ሳሙኤል ጆንሰን ገና በ18ኛው ምዕት ዓመት አንሥቶት ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ግን የአሜሪካዊው ሐያሲ የጆን ክሮው ራንሰም ፈተና ነው። ራንሰም በቴኒሰን ስንኝ ውስጥ «መርመሪንግ» የሚለውን «መርደሪንግ»፣ «ቢዝ» የሚለውንም «ቢቭዝ» ቢያደርገው፣ የንቦቹ ዜማ የከብቶች ዕርድ ሆኖ አረፈው፤ ድምፁ ከሞላ ጐደል እንዳለ ሳለ ጣዕሙ በመጥፋቱም ብዙዎች ክርክሩ በዚህ ተፈጸመ ብለው አልፈውታል። እኔ ግን ራንሰም የረታ መስሎት ያልረታ ነው እላለሁ። በዋናው ቃል የለወጠው አንድ ተነባቢ ብቻ ነው ይባላል፤ የትኛውን? ከናፍር ተገጥመው ሳለ በአፍንጫ የሚሳበውን ሁለተኛውን «ም» አንሥቶ፣ በስፍራው ምላስ ከላይኛው ድድ ተላትማ ትንፋሹን ቆርጣ የምትጥልበትን «ድ» አገባ፤ በዚህም የቃሉን ዋና ምስጢር፣ ማለት «መር» ብሎ ጀምሮ በዚያው በ«መር» መመለሱን አፈረሰው። ዶሮውን አርዶ ሲያበቃ ሳይጮኽ ነጋ እንደሚል ሰው ነው።

ለራንሰም የሚጠቅመው ጽኑ ማስረጃ ከእጁ ሩቅ አልነበረም። በንጉሥ ጄምስ ትእዛዝ ተተርጕሞ እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 16፣ የእስራኤል ማኅበር በምድረ በዳ ስለ እንጀራና ስለ ሥጋ በሙሴና በአሮን ላይ ባንጐራጐሩ ጊዜ፣ ተርጓሚዎቹ የጻፉት ግሥ ይኸው «መርመር» ነው። ከግንዱ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም፤ ድርብነቱም አልፈረሰም፤ ነገር ግን በዚያ ስፍራ የንብ ድምፅ የሚሰማው አንባቢ የለም፤ የሚሰማው በየድንኳኑ ውስጥ ውስጡን የሚብላላ ቂም ነው። ደግሞም ሰብዓ ሊቃናት በግሪክ ከ«ጎንጉዞ» የወጣውን ግሥ ሲያገቡ፣ ግእዙም «አንጐርጐረ» ሲል፣ ያንኑ ቅሬታ ከከናፍር ሳይሆን ከጕሮሮ አወጡት። (እንጉርጉሮ በእኛ ዘንድ ቅሬታም ዜማም መሆኑ የታወቀ ነውና አልዘገይበትም።)

የሐኪሞቹ አጠቃቀም ይልቁን ያስደንቃል። ሬኔ ላኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 በፓሪስ የደረት ማዳመጫን ከፈለሰፈ ወዲህ፣ ደም በልብ ውስጥ ሲያልፍ ታውኮ የሚያሰማው ድምፅ በእንግሊዝኛ በዚህ ቃል ይጠራል። ሳሙኤል ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጣው መመዘኛ ከ1 እስከ 6 የሚደርስ ደረጃ አለው፤ አንደኛው ጆሮውን ያሠለጠነ ሐኪም በብዙ ትዕግሥት የሚያገኘው ሲሆን፣ ስድስተኛው ማዳመጫው ከደረት ጥቂት ተነሥቶ እንኳ የሚሰማ ነው። ለስላሳ ነው የተባለለት ቃል ይህን ሁሉ ጩኸት ያለ ማጕረምረም ይሸከማል።

ታዲያ የቴኒሰን ስንኝ ለምን አማረ? ማማሩንስ አልክድም፤ ደግሜ ባነበብሁት ቍጥር እጅ እነሣዋለሁ። ሥራውን የሠራው ግን የተመሰገነው ቃል ብቻውን ሳይሆን፣ ከአጠገቡ የቆመው «ኢኑመረብል» የሚለው ቅጽል ነው፤ እርሱ በሆዱ «መር»ን አንድ ጊዜ ደግሞ ከመያዙም በላይ፣ ንቦቹ የማይቈጠሩ መሆናቸውን ይነግረናልና። በሙሴ ሰፈርም በእረኛው መዝሙርም ቃሉ የሚሰይመው ማን እንዳሰማው የማይለይ የብዙዎች ድምፅ ነው፤ መምህራኑ ፊደል ሲቈጥሩ ያለፋቸውም ይኸው ነው። አንዲት ንብ በመስኮት መስተዋት ላይ ስትላተም እንግሊዛዊው «በዝ» አለች ይላል እንጂ «መርመር» አይልም፤ ቴኒሰንም ቅጽሉን ትቶ ንቧን ነጠላ ቢያደርጋት ኖሮ፣ ያ ሁሉ «ም» በስንኙ ውስጥ ሥራ ፈት ሆኖ በቀረ ነበር።