ለሌለ ሰው የፈሰሰ እንባ

ውድ አንባቢ ሆይ! ልብ ወለድ ማንበብ ሐራም ነው ልልህ አልተነሳሁም። ቁርኣንም በታሪክ ያስተምራል፤ ሱረቱ ዩሱፍ ከ111 አንቀጾቿ አብዛኛውን የሰጠችው ለአንድ ነቢይ ታሪክ ነው። ያ ግን እውነተኛ ታሪክ ነው፤ የተነገረውም ትምህርት እንዲወሰድበት ነው። የእኔ ጥያቄ፣ ልብ ወለዱን ካነበብን በኋላ ምን ተረፈን? የሚል ነው።

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ። ደራሲው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ብቻ አልጻፉም፤ ባላገሩ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ለምን እንደተነሳም አሳይተዋል። ልብ ወለድ በላይ በላዩ የሚያነብ ሰው ግን የባላገሩን በደል እየዘለለ ወደ ፍቅሩ ይሮጣል፤ ያለቅሳል፤ ወዲያው ሌላ መጽሐፍ ያነሳል።

እኔም እንዲሁ ነበርኩ። በወጣትነቴ አንድ ሌሊት ለሰብለ ሳለቅስ፣ ታማ የተኛችው እናቴ ውሃ እንዳቀብላት ሁለት ጊዜ ጠራችኝ። «መጣሁ» አልኩ እንጂ አልተነሳሁም። በመጨረሻ ግድግዳውን ተደግፋ ራሷ ቀዳች። የሱብሂ ሰላትም በእንቅልፍ አለፈኝ።

የልብ ወለድ ሰው ውሃ አምጣልኝ አይልም፤ ብድርም አይጠይቅም። ስለዚህ ለእርሱ ማዘን ይቀላል። ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው፤ ልባችን በማዘኑ ብቻ ግዴታውን የተወጣ ይመስለውና እጃችን ሥራ ይፈታል።

ወላጆች ሆይ! ከልጆቻችሁ እጅ መጽሐፍ አትንጠቁ። ነገር ግን ስንት ገጽ እንዳነበቡ ብቻ ሳይሆን፣ ሲጠሩ መነሳታቸውንም ተመልከቱ። አላህ ባነበብነው የምንጠቀም ያድርገን። አሚን።